ከእናቶች አንደበት የተገኘ ቁጥር፤ የሴቶችና የሕፃናት ጤና በቤተሰብ ጥናት የተለካበት ታሪክ

የአንድን አገር ሕዝብ የጤንነት ደረጃ ለመገመት ከሚያገለግሉት መለኪያዎች መካከል የሕፃናትና የእናቶች ሞት ልክ ቀዳሚውን ሥፍራ ይዞ ይገኛል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የሕፃን ሞት የንጹሕ ውኃን፣ የምግብን፣ የክትባትን፣ የመንገድንና የእናትን ትምህርት መኖርና አለመኖር በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ይናገራል። የእናት ሞትም በምጥ ሰዓት ከቤቷ እስከ ሐኪሙ ያለው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ስለዚህ የጤና ዕቅድ አውጪው፣ በጀት መዳቢውና የሕክምና መምህሩ ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ይጠቅሳሉ። ቁጥሮቹ ከየት እንደ መጡ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ስዊድን ከ1749 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች በየደብሩ የሚይዙትን የልደትና የሞት መዝገብ እያሰባሰበች ማጠናቀር ጀመረች። እንግሊዝና ዌልስም በ1837 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ምዝገባ ተቋቋመባቸው። በእነዚህ አገሮች የሕፃናትን ሞት ልክ ማወቅ ማለት መዝገብ ገልጦ መደመርና ማካፈል ማለት ነበር። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ ብዙ አገሮች ግን የሚገለጥ መዝገብ አልነበረም። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራውን የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በተካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

መዝገብ በሌለበት አገር የቀረው መንገድ ወደ ቤት ሄዶ እናቲቱን መጠየቅ ነበር። ባለፉት ሰባ ያህል ዓመታት በእነዚህ አገሮች ስለ ሴቶችና ስለ ሕፃናት ጤና ከታወቀው ነገር አብዛኛው የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የዚህም ሥራ ታሪክ በአመዛኙ የጥያቄ ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል፤ መለኪያው እየተሻሻለ የሄደው እናቲቱ ልትመልሰው የምትችለው ጥያቄ በተገኘ ቁጥር ነውና። ያልተጠየቀው ነገር ደግሞ ከቁጥር ሳይገባ፣ በዕቅድም ሳይታሰብ ቆይቷል።

ሁለት ቀላል ጥያቄዎች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዊሊያም ብራስ የተባሉ የስኮትላንድ ተወላጅ በናይሮቢ ይገኝ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የስታቲስቲክስ መምሪያ ይሠሩ ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. በአካባቢው የሕዝብ ቆጠራ ተካሂዶ ስለ ነበር በእጃቸው የገባው መረጃ ብዙ ነው። ችግሩ ቀኑ ነበር። «ልጅሽ የሞተው መቼ ነው? በስንት ወሩ?» ተብላ የተጠየቀች እናት ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ቀን ለመስጠት አትችልም። «ባለፉት 12 ወራት በቤታችሁ የሞተ አለን?» የሚለውም ጥያቄ ቢሆን አንዱ ያለፈውን ዓመት ሐዘን ጨምሮ፣ ሌላው ደግሞ የቅርቡን ረስቶ ወይም ሸሽጎ ስለሚመልስ ልኩን ያዛባዋል።

ብራስ ያስተዋሉት፣ እናት ቀኑን ብትረሳም የወለደቻቸውን ልጆች ብዛት እንደማትረሳ ነው። «ስንት ልጆች ወለድሽ? ከእነርሱስ ዛሬ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ፊደል ያልቆጠረችም እናት መልስ አላት። ከዚህ ተነሥተው የእናቶቹን ዕድሜ እንደ ሰዓት ተጠቀሙበት። ዕድሜዋ ከ20 እስከ 24 ዓመት የሆነ እናት ልጆቿን የወለደችው በቅርቡ ስለ ሆነ፣ ከልጆቿ መካከል የሞቱት ድርሻ አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉን ወደሚያመለክት ቁጥር ይቀርባል። ከ25 እስከ 29 ያሉት እናቶች መልስ ለሦስት ዓመት፣ ከ30 እስከ 34 ያሉት ደግሞ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። በየአገሩ ሴቶች ወሊድ የሚጀምሩበት ዕድሜ የተለያየ በመሆኑ ቁጥሩ በማስተካከያ ይባዛል። ብራስና ጓደኞቻቸው በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «የትሮፒካል አፍሪካ ሥነ ሕዝብ» የተሰኘው መጽሐፍ ይህን ዘዴ በሰፊው አስተዋወቀው።

ይህ ዘዴ መዝገብ የሌለው አገር ሁሉ የሕፃናቱን ሞት ለመገመት እንዲችል በር ከፈተ። ጉድለቱም የታወቀ ነበር። የሚሰጠው ግምት ያለፉትን በርካታ ዓመታት አጠቃልሎ የሚያሳይ ነው እንጂ ያለፈውን ዓመት ለብቻው አይለይም። ከዚህም ሌላ የሚጠየቁት በሕይወት ያሉ እናቶች ብቻ ናቸው። በወሊድ ምክንያት የሞተችው እናትና ከእርሷ በኋላ የሞተው ሕፃኗ ሁለቱም ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ።

የእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ

በ1972 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት በተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና በአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ የዓለም የወሊድ ጥናት የተባለውን ሥራ ጀመረ። ሥራው በ1984 እ.ኤ.አ. እስኪያበቃ ድረስ ከ40 በላይ ታዳጊ አገሮችና 20 ያደጉ አገሮች ተካፈሉበት። ኢትዮጵያ በዚህ ጥናት አልተካተተችም፤ ጎረቤቶቿ ኬንያና ሱዳን ግን ነበሩበት። በኬንያ የተገኘው ውጤት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 8 ያህል ልጆች እንደምትወልድ በማሳየቱ በዘመኑ ብዙ አነጋግሯል።

የዚህ ጥናት ዋና ትሩፋት ሙሉ የወሊድ ታሪክ መጠየቁ ነው። ጠያቂዋ ከበኩር ልጅ ጀምራ የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ ጾታ፣ የተወለደበትን ወርና ዓመት፣ በሕይወት መኖሩን፣ ካልኖረም በስንት ቀኑ፣ በስንት ወሩ ወይም በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ በተራ ትመዘግባለች። በዚህ ዓይነት የሞቱ ጊዜ ስለሚታወቅ በአንድ ጥናት ብቻ ያለፉትን አሥራ አምስት ዓመታት በየአምስት ዓመቱ ከፋፍሎ ለውጡን ለማየት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የወሊድ ታሪክ መጠየቅ ትዕግሥትና ብልኀት ይፈልጋል። በብዙ አገር የሞተን ሕፃን በስም ማንሣት ቁስል መቀስቀስ ነው። ስም ሳይወጣለት ያለፈ ሕፃንም አለ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በሚነሣበት ልማድ ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ያለፈው ጨቅላ ከተቆጠሩት ልጆች መካከል ሊዘነጋ ይችላል። ለዚህም ሲባል በመጠይቁ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ገባ፤ እናቲቱ የሞተ ልጅ እንደሌላት ከመለሰች በኋላ፣ ተወልዶ ያለቀሰ ወይም የሕይወት ምልክት ያሳየ፣ ነገር ግን ያልቆየ ሕፃን እንደ ነበራት በድጋሚ ትጠየቃለች። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ልክ ትክክለኛነት ጠያቂዋ ይህችን ጥያቄ ሳትዘልና ሳትቸኩል በመጠየቋ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከናሙና ጥናት እስከ ቆጠራ

በኢትዮጵያ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ የናሙና ጥናት ከ1964 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በገጠር ተካሄደ፤ ሁለተኛውም ዙር በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ ላይ ተከተለ። ቆጣሪዎቹ መንገድ ባልገባበት አገር በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ የተወለደውንና የሞተውን ይጠይቁ ነበር። መላው ሕዝብ እስካልተቆጠረ ድረስ ግን ናሙናው የሚወጣበት የተሟላ ዝርዝር ስላልነበረ ከናሙናው ተነሥቶ ስለ አገሩ በሙሉ መናገር አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ።

የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ተካሄደና የሕዝቡ ብዛት 42 ሚሊዮን ገደማ መሆኑ ተገለጸ፤ ቆጣሪዎች በጸጥታ ምክንያት ሊደርሱባቸው ያልቻሉት አካባቢዎች ሕዝብ በግምት ተጨምሮ ማለት ነው። የቆጠራው ትሩፋት ከጠቅላላው ድምር በላይ ነበር። አገሪቱ በቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ ካርታ ስለ ተነሣላት ከዚያ በኋላ ናሙና ለማውጣት የሚያስችል መሠረት ተገኘ። በ1982 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብና የወሊድ ጥናት በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በዚያ ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ 6.4 ልጆች እንደምትወልድ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙትም ከመቶ 4 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ታወቀ።

ጥያቄዎች ከወሊድ ወደ ጤና ሲሻገሩ

እስከዚያ ጊዜ ድረስ አብዛኞቹ ጥናቶች ያተኮሩት በወሊድ ብዛት ላይ ነበር። የገንዘብ ሰጪዎቹ ስጋት የሕዝብ ብዛት ስለ ነበረ ጥያቄውም ወደዚያው ያደላ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ1974 እ.ኤ.አ. የክትባት ፕሮግራሙን ሲጀምር ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ክትባቱ ሕፃናቱ ዘንድ መድረሱ በምን ይታወቃል? ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ሪፖርት የተወጋውን ይቆጥራል እንጂ ያልመጣውን አይቆጥርም። ስለዚህ በየአገሩ በቀላሉ ሊሠራበት የሚችል ዘዴ ተቀየሰ። 30 መንደሮች በዕጣ ይመረጣሉ፤ በእያንዳንዱ መንደር 7 ሕፃናት ይጠየቃሉ፤ በድምሩ 210 ይሆናሉ። ጠያቂው የክትባት ካርዱን ያያል፤ ካርድ ከሌለ እናቲቱን ይጠይቃል። ኢትዮጵያም የክትባት ፕሮግራሟን በ1972 ዓ.ም. ጀመረች።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በዋና ሥራ አስኪያጁ በጄምስ ግራንት መሪነት በዝቅተኛ ወጪ የሕፃናትን ሕይወት ለማዳን ዘመቻ አካሄደ። ለተቅማጥ በአፍ የሚሰጥ የጨውና የስኳር ውሁድ፣ ክትባት፣ ጡት ማጥባትና የዕድገት ክትትል የዘመቻው ምሰሶዎች ነበሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. መስከረም መጨረሻ በኒው ዮርክ የተሰበሰቡት የዓለም መሪዎች እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የሚደረስባቸውን ግቦች በቁጥር አስቀመጡ። ግብ በቁጥር ሲቀመጥ መለኪያ የግድ ይሆናል። ብዙ አገሮች ግቡን ፈርመው መነሻቸውን እንኳ እንደማያውቁ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። የሕፃናት መርጃ ድርጅቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ገደማ የጀመረው ልዩ ልዩ መለኪያዎችን ያጣመረ የቤተሰብ ጥናት ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር።

ከዚህ ጎን ለጎን የዓለም የወሊድ ጥናት ባበቃበት በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ፕሮግራም ተመሠረተ። ይህ ፕሮግራም የወሊድ ታሪኩን እንደያዘ ክትባትን፣ ጡት ማጥባትን፣ የቅድመ ወሊድ ክትትልን፣ የሕፃናትን ክብደትና ቁመት ጨመረበት። በአርባ ዓመት ውስጥ ከ90 በላይ በሆኑ አገሮች ከ400 በላይ ጥናቶች ተካሄዱበት። ጥያቄዎቹ በየአገሩ አንድ ዓይነት በመሆናቸው የአንዱን አገር ውጤት ከሌላው፣ ያለፈውንም ከአሁኑ ማወዳደር ተቻለ።

ኢትዮጵያ በአራት ዙር

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም. ተካሄደ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 15,367 ሴቶች ተጠየቁ። ተመሳሳይ ጥናት በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተደገመ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አነስ ያለ ጥናት ተጨመረ። ውጤቱ በአንድነት ሲታይ የአንድ ትውልድ ለውጥ ይነበብበታል። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ1997 ወደ 123፣ በ2003 ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67 ወረዱ። የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከመቶ 8 ተነሥተው በ2008 ዓ.ም. 36 ደረሱ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2003 ወደ 10፣ በ2008 ወደ 26፣ በ2011 ደግሞ ወደ 48 ከፍ አሉ።

እነዚህን ቁጥሮች ያስገኘው ሥራ በዋና ከተማ የተጻፈውን መጠይቅ ወደ ገበሬው ጎጆ የማድረስ ሥራ ነው። ሴቶችን የሚጠይቁት ሴቶች ሆኑ። በ2008 ዓ.ም. መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተዘጋጀ። የልጁን የልደት ወር የማታስታውስ እናት «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፍልሰታ ጾም ነበርን?» እየተባለች በበዓላትና በአካባቢው በሚታወቁ ድርጊቶች ትረዳለች። ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። የሕፃን መቀንጨር የሚለካው ቁመቱ ለዕድሜው የሚመጥን መሆኑን በማየት ስለ ሆነ ግን በዕድሜው ላይ የጥቂት ወራት ስህተት ቢገባ ጤነኛው የቀነጨረ፣ የቀነጨረውም ጤነኛ ሆኖ ይቆጠራል።

ዘመኑ የሚቆጠርበት ስሌትም የራሱን አሻራ ትቷል። በኢትዮጵያ ጥናቶች የመረጃ ቋት ውስጥ የልደትና የጋብቻ ቀኖች የተመዘገቡት እናቶቹ በተናገሩት፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መረጃውን የሚተነትን የውጭ ተመራማሪ በእያንዳንዱ ቀን ላይ 92 ወር፣ ይህም 7 ዓመት ከ8 ወር፣ መጨመር ይኖርበታል። ይህን ሳያውቅ የሚያሰላ ሰው ዘመኑን ሁሉ ያሳስታል።

መለኪያው ራሱ የተለወጠበትም ጊዜ አለ። በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 52 ሕፃናት እንደ ቀነጨሩ ተዘግቦ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በዩናይትድ ስቴትስ ሕፃናት ላይ የተመሠረተ አዲስ የዕድገት መለኪያ ሲያወጣ የዚያው ዓመት መረጃ እንደ ገና ተሰልቶ 58 ሆነ። ሕፃናቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተገኘውን 38 ከቀድሞው 52 ጋር የሚያወዳድር ሰው በሁለት ዓይነት መስፈሪያ የለካ ነጋዴን ይመስላል፤ ትክክለኛው ንጽጽር ከ58 ጋር ነው።

ስለ ሞተችው እኅት

በሕፃን ሞት ጉዳይ ምስክሯ እናት ናት። የእናት ሞት ሲሆን ግን ምስክሯ ራሷ የለችም። ብራስ ከዌንዲ ግርሃምና ከሮበርት ስኖው ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መፍትሔ አሁንም በጥያቄ ላይ የቆመ ነበር። አዋቂ ሰው ስለ እኅቶቹ ይጠየቅ፤ ስንቶቹ ለአቅመ ሔዋን ደረሱ? ስንቶቹ ሞቱ? ከሞቱትስ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ያለፉት ስንት ናቸው? ዘዴው በጋምቢያ ተሞከረ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችም የእያንዳንዱን ወንድምና እኅት ዕድሜና የሞት ጊዜ በተናጠል በመጠየቅ አሻሽለው ተጠቀሙበት።

በኢትዮጵያ በዚህ መንገድ የተገኘው፣ ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676፣ በ2008 ዓ.ም. 412 ነው። የ2003ቱ ውጤት በወጣ ጊዜ የእናቶች ሞት «ጨመረ» ብለው የተረዱ ነበሩ። ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን የስህተት ወሰን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የ1997ቱ እውነተኛ ልክ በ548 እና በ799 መካከል፣ የ2003ቱም በ541 እና በ810 መካከል ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ጨርሶ አይለያዩም። የ2008ቱም 412 ከ273 እስከ 551 የሚዘረጋ ወሰን አለው። የእናት ሞት ለቤተሰብ ታላቅ ሐዘን ቢሆንም በናሙና ውስጥ ብርቅ ድርጊት በመሆኑ አሥራ አምስት ሺህ ሴቶች ተጠይቀውም የሚገኘው ጥቂት ሞት ነው። በተጨማሪም ግምቱ ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት የሚመለከት ነው። ስለዚህ አንድ ሚኒስቴር ባለፈው ዓመት የሠራውን ሥራ በዚህ ቁጥር ማመስገንም ሆነ መንቀፍ አይቻልም።

ወደ ጤና ጣቢያ ያልመጡት

የቤት ለቤት ጥናት ከጤና ተቋም መረጃ የሚለይበትን ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳየው የ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። ከዚያ በፊት የሥርጭቱ ግምት የሚወሰደው ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ጤና ተቋማት ከመጡ እናቶች ደም ነበር። በዚሁ ስሌት ለ2005 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ግምት ከመቶ 3.5 ነበር። በዚያው ዓመት በየቤቱ ተዞሮ ፈቃደኛ ከሆኑ ሴቶችና ወንዶች ጣት የተወሰደው ደም ሲመረመር የተገኘው ግን ከመቶ 1.4 ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በዚሁ ጥናት መሠረት በባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙት እናቶች ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ። ወደ ተቋም የሚመጡት ለከተማና ለመንገድ የቀረቡት ናቸው፤ ሥርጭቱም በከተማና በመንገድ ዳር ከፍ ያለ ነበር። በኋላ ሁለቱ መረጃዎች ተጣምረው ለ2007 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ግምት 2.1 ሆነ። በጤና ጣቢያ ደጃፍ ሆኖ የሚቆጥር ሰው የመጡትን ያውቃል፤ ያልመጡትን ለማወቅ ወደ ቤታቸው መሄድ ይኖርበታል።

በር ተዘግቶ የሚጠየቅ ጥያቄ

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ዳሩ ግን በሽታው የሚደበቀው የሚጠይቅ በመጥፋቱም ነው። በቤት ውስጥ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ራሱን የቻለ የመጠይቅ ክፍል አልነበረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጥናት ከመቶ 23 ሴቶች ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት፣ ከመቶ 10 ደግሞ በሕይወታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ።

እዚህ ላይ የጥያቄው አቀራረብ ከጥያቄው እኩል ክብደት አለው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጣለች፤ ሌላ ሰው በማይሰማበት ሥፍራ ትጠየቃለች፤ እንዲህ ያለ ሥፍራ ካልተገኘ ጥያቄው ይቀራል። ይህም የሆነው መልሷ በኋላ በራሷ ላይ መዘዝ እንዳያመጣባት ነው። ከዚህ ቀደም የዓለም የጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች ባካሄደውና በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶ 71 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በእርሱ እንደ ደረሰባቸው ተናግረው ነበር። ሁለቱ ጥናቶች የተካሄዱበት አካባቢ፣ ጊዜና መጠይቅ የተለያየ ስለ ሆነ አንዱን ቁጥር ከሌላው ቀንሶ ለውጥ ነው ማለት አይቻልም። የሚያስተምሩት ነገር ግን አለ። አንድ አጠቃላይ ጥናት በብዙ ጥያቄዎች መካከል ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ጉዳይና ጠያቂዎች ለእርሱ ብቻ ለረጅም ጊዜ የሠለጠኑበት ጉዳይ ከአንደበት የሚያወጡት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል።

ከናሙናው ውጭ የቀሩት

የቤተሰብ ጥናት ቤተሰብን ይጠይቃል። ቤት የሌለው፣ በመጠለያ ያለ፣ በማረሚያ ቤት የሚኖር ሰው በናሙናው አይገባም። በ2003 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ከተመረጡት 65 የቆጠራ ቦታዎች በ18ቱ በድርቅ፣ በጸጥታና በመሳሰሉት ምክንያቶች መጠይቁ አልተካሄደም፤ በ10ሩ ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ቤቶቹን መዘርዘር እንኳ አልተቻለም። ዘገባውም የክልሉ ውጤት ክልሉን በሙሉ ላይወክል እንደሚችል በግልጽ አስጠንቅቋል። ድርቅና ግጭት ባሉበት አካባቢ የሴቶችና የሕፃናት ችግር የከፋ መሆኑ ሲታሰብ፣ ጥናቱ ያልደረሰበት ሥፍራ ብዙ ጊዜ መረጃው ይበልጥ የሚያስፈልግበት ሥፍራ ነው።

ናሙናው የሚወጣበትም ዝርዝር ያረጃል። የ2003 እና የ2008 ዓ.ም. ጥናቶች የተመሠረቱት በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ ነው። የ2011 ዓ.ም. አነስተኛ ጥናት የተጠቀመው ለአራተኛው ቆጠራ የተዘጋጀውን የቆጠራ ቦታዎች ካርታ ነበር፤ ቆጠራው ራሱ ግን ተራዘመና በዚያ ዓመት ሳይካሄድ ቀረ። ሕዝቡ በከተሞች መስፋትና በመፈናቀል ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር የቆጠራ መዘግየት ዳፋው ለጤና ጥናቶችም ይተርፋል።

የጥያቄው ወጪ በማን ላይ ነው

በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ አርባ ዓመት ያገለገለው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ፕሮግራምም የገንዘብ ምንጩ ተቋረጠበት። ለብዙ አገሮች የሕፃናት ሞት፣ የመቀንጨርና የቤተሰብ ምጣኔ ቁጥሮች ዋና ምንጭ ይኸው ፕሮግራም ስለ ነበረ ጉዳቱ ከአንድ ድርጅት መዘጋት የሰፋ ነው። የራሱን እናቶች ሁኔታ የሚያውቅበትን መንገድ በሌላው በጀት ላይ ያቆመ አገር፣ ሰጪው እጁን በሰበሰበ ጊዜ የቁጥሩ ሰንሰለት ይበጠስበታል። የተበጠሰ ሰንሰለት ደግሞ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመቀጠል አይመችም፤ በመካከሉ የሞቱትን እናቶችና ሕፃናት የሚያስታውሱት ሰዎች እየሸመገሉና እየተበተኑ ይሄዳሉና።

አንዳንዶች የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲጠናከር ጥናቱ አያስፈልግም ይላሉ። ምዝገባው ሊጠናከር የሚገባው መሆኑ አያከራክርም። የእናቶች ሞት ዓመት በዓመት ሊታወቅ የሚችለው እያንዳንዱ ሞት ከነምክንያቱ ሲመዘገብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ሞቱን ይጽፋል እንጂ እናቲቱ ለምን በቤቷ እንደ ወለደች፣ ክትባቱን ለምን እንዳቋረጠች፣ በቤቷ ውስጥ ምን እንደሚደርስባት አይጽፍም። እነዚህን የምትናገር እርሷ ናት፤ የምትናገረውም ስትጠየቅ ነው።

ለሙያው ባልደረቦች ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፣ ቁጥሩን የሚጠቅስ ሁሉ የስህተት ወሰኑን፣ የሚመለከተውን ዘመንና ከናሙናው ውጭ የቀሩትን አብሮ መጥቀስ ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መሠረት ከሥራዋ ተነጥላ፣ ለማታውቃት እንግዳ ስለ ሞቱት ልጆቿ የተናገረች ሴት ምስክርነት ነው። ያን ምስክርነት የሰጠችው ክፍያ ተቀብላ አይደለም። ከቃሏ የተገኘው ቁጥር በሪፖርት ታትሞ ሲቀመጥ የተሠራው ሥራ እኩሌታው ነው፤ የቀረው እኩሌታ አዋላጅና መድኃኒት፣ ንጹሕ ውኃና መንገድ ሆኖ ወደ መንደሯ መመለሱ ነው።